ኢ 200፣ ኢ 220 ወይስ ኢ 350? ለአዲስ አበባ ዳገት የትኛው ሞተር ይሻላል?

መርሰዲስ ኢ ክላስ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ የምትመርጡት እዚሁ ካሉት ነው። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ደላላው ቀለሙንና የቆዳ ወንበሩን ሲያሞግስላችሁ አትቸኩሉ። ቅድሚያ ለሞተሩ ስጡ።

የማወዳድረው ደብሊው 212 የሚባለውን ሞዴል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 የተመረተውን። ቁጥሮቹ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮች ናቸው። አንድ ቦዲ ነው፣ ውስጡ ግን ሦስት የተለያየ ጠባይ አለ።

ኢ 350 ሲባል የብዙ ሰው ልብ ይሸፍታል። ስድስት ሲሊንደር፣ 3.5 ሊትር፣ 272 የፈረስ ጉልበት። ኢ 200 ደግሞ 1.8 ሊትር ቱርቦ ሆኖ 184 ነው። በወረቀት ላይ ፉክክር የለም። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ኢ 350 እዚህ ወደ 210 አካባቢ ይወርዳል። ቱርቦ ያላቸው ሁለቱ፣ ኢ 200 እና ናፍጣው ኢ 220፣ ግን ስሱን አየር ጨምቀው ስለሚያስገቡ የሚያጡት ጥቂት ነው።

ልዩነቱን በእግራችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ሦስት ሰው ጫኑና ከለገሃር ቸርችልን ይዛችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤት ውጡ። ኢ 350 ነዳጅ ስትረግጡ ማርሽ ይቀንስና ድምፁን ከፍ አድርጎ ይወጣል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ሲሽከረከር ነው። የናፍጣው ኢ 220 ሲዲአይ 170 ፈረስ ብቻ ነው፤ የመጎተት አቅሙ ግን 400 ኒውተን ሜትር ነው፣ ያውም ሞተሩ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ሲዞር ጀምሮ። ዳገቱን ሳይጨነቅ ይወጣዋል። ኢ 200 ደግሞ 270 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከናፍጣው ያንሳል፣ ግን አያሳፍርም።

ታዲያ ናፍጣውን ለምን አልመክርም? ለከተማ ሰው ስለማይሆን ነው። የጭስ ማጣሪያው ጥላሸቱን የሚያቃጥለው ሲግል ብቻ ነው። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ በትራፊክ እየተንፏቀቃችሁ ውላችሁ ብትገቡ ማጣሪያው አይግልም፤ ውሎ አድሮ ይደፈናል። በየሳምንቱ በፈጣን መንገዱ አዳማ የምትመላለሱ ከሆነ ግን ከናፍጣው የሚሻል የለም። ማጣሪያው ተቆርጦ ወጥቶ እንደሆነም ሻጩን ጠይቁ።

ኢ 350ን የምመክረው ጸጥታ ለሚወድና ማደያ ቶሎ ቶሎ መቆም ለማይከብደው ብቻ ነው። መስቀል አደባባይ መብራት ላይ ስትቆሙ ሞተሩ መነሳቱን ትረሱታላችሁ። ናፍጣው እንዲህ አይደለም፤ መሪው ላይ ይሰማችኋል።

መሀል ከተማ ለሚውል ሰው የእኔ ምርጫ ኢ 200 ነው። አንድ የታወቀ ድክመት አለው፤ የታይሚንግ ሰንሰለቱ ሲያረጅ ይለጠጣል። ስለዚህ ሻጩን «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ጠዋት ሂዱ፣ ኮፈኑን በመዳፋችሁ ዳስሱ፤ ሞቅ ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሱትና ጆሮ ስጡ። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሰንሰለት እንደሚጎተት ዓይነት መንኳኳት ከሰማችሁ፣ የሰንሰለቱን መቀየሪያ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፤ ካልሆነ ተዉት።