ፓይፕዋየር ከብሉቱዝ ሄድሴት ጋር፦ ለማዳመጥ እጅግ ጥሩ፣ ለማውራት ግን ገና

ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ገመድ አልባ ሄድሴት ለሚጠቀም ሰው የሲስተሙን ድምፅ የሚያስተናግደው ፕሮግራም ፓይፕዋየር ትልቅ እፎይታ ነው። ከሊኑክስ ዲስትሮዎች (ስርጭቶች) ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2021 በ34ኛ እትሙ፣ በኋላም ኡቡንቱ በ22.10 እትሙ የድሮውን ፐልስኦዲዮ በእሱ ከተኩት ወዲህ፣ ሙዚቃ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ምንም ሳይነካካ ጥሩ ድምፅ ያገኛል። ጣጣው የሚጀምረው በዚያው ሄድሴት ስብሰባ ላይ ላውራ ሲባል ነው። ያ ጣጣ ደግሞ በአብዛኛው የፓይፕዋየር ጥፋት አይደለም፤ ወቀሳው ግን እሱ ላይ ያርፋል።

ሥራው በሦስት ፕሮግራሞች መካከል የተከፋፈለ ነው። ብሉዚ ሄድሴቱን ፈልጎ፣ ፔር አድርጎ ያገናኛል። ፓይፕዋየር ድምፁን በኮዴክ (በድምፅ መጭመቂያ ዘዴ) ጨምቆ ይልካል። የትኛው መሣሪያ በየትኛው ፕሮፋይል (የአሠራር ዓይነት) ይሥራ የሚለውን የሚወስነው ዋየርፕላምበር ነው። ችግር ሲፈጠር ብዙ ሰው ሄድሴቱን ደጋግሞ ሰርዞ ፔር ያደርጋል። ጥፋቱ ብሉዚ ጋ ካልሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ሄድሴቱ «ተገናኝቷል» እያለ ድምፁ ከተበላሸ፣ መፈተሽ ያለባቸው ሌሎቹ ሁለቱ፣ ፓይፕዋየርና ዋየርፕላምበር ናቸው።

መጀመሪያ ድምፁን እንመዝን። ለማዳመጥ የሚያገለግለው ፕሮፋይል ኤቱዲፒ ይባላል። ማንኛውም ሄድሴት የሚችለው መደበኛው ኮዴክ ኤስቢሲ፣ በተለመደው ከፍተኛ ጥራቱ በሰከንድ 328 ኪሎቢት ያህል ይልካል። ኤስቢሲ-ኤክስኪው የሚባለው አሠራር ያንኑ ኮዴክ ከ450 እስከ 550 ኪሎቢት አካባቢ ይገፋዋል፤ ርካሽ ሄድሴት ላይ እንኳ ለውጡ ይሰማል። ኤልዳክ የሚባለውን ሌላ ኮዴክ የሚችል ሄድሴት ደግሞ 330፣ 660 ወይም 990 ኪሎቢት ይቀበላል። ፓቩኮንትሮል የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ ኮንፊገሬሽን ወደሚለው ትር ሂዱ፤ ኮዴኮቹ ከነስማቸው ተደርድረው ታገኛላችሁ። ሙዚቃ እየተጫወተ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ ይቻላል። ብዙ የስልክና የላፕቶፕ ሲስተሞች ይህን ምርጫ ከተጠቃሚው ስለሚደብቁት፣ እዚህ ላይ ሊኑክስ ብልጫ አለው። አንድ ቅሬታ ግን አለ። ኤኤሲ የሚባለው ኮዴክ በፈቃድ ጉዳይ የተነሳ በአንዳንድ ዲስትሮዎች ፓኬጅ ውስጥ አይካተትም። ስለዚህ ኤኤሲን ተመክቶ የተሠራ ሄድሴት በዝምታ ወደ ኤስቢሲ ይወርዳል። ዝርዝሩ ውስጥ ኤኤሲ ከሌለ ሄድሴቱን አትጠርጥሩ።

አሁን ወደ ማይኩ። ሰው አብዝቶ የሚያማርረው «ስብሰባ ውስጥ ስገባ ድምፁ የድሮ ስልክ ሆነ» እያለ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በተለመደው ብሉቱዝ ኤቱዲፒ ድምፅ የሚወስደው ወደ ጆሮ ብቻ ነው። ማይኩ ሲከፈት ሄድሴቱ ኤችኤፍፒ ወደሚባለው የስልክ ፕሮፋይል ይዛወራል። ይህ መስመር በየአቅጣጫው ያለው 64 ኪሎቢት በሰከንድ ብቻ ነው፤ ስቴሪዮውም ይጠፋል። ኮዴኩ ሲቪኤስዲ ከሆነ ከድምፁ ናሙና የሚወሰደው በሰከንድ 8,000 ጊዜ በመሆኑ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። «ስ» እና «ፍ» የሚለዩት በዚያ በተቆረጠው ክፍል ስለሆነ፣ ሰሚው ስምና ቁጥር ደጋግሞ ያስነግራል። ኤምኤስቢሲ የሚባለው ኮዴክ በሰከንድ 16,000 ናሙና ስለሚወስድ እስከ 8 ኪሎኸርዝ ድረስ ያልፋል፤ ለንግግር በቂ ነው። ሁለቱም እዚያው ፓቩኮንትሮል ውስጥ ይታያሉ። ሲቪኤስዲ ተመርጦ ካገኛችሁ ወደ ኤምኤስቢሲ ቀይሩት። በአብዛኛው ሄድሴት ላይ ከዚህ በላይ ብዙ ሊሻሻል የሚችል ነገር የለም፤ ገደቡ የራሱ የብሉቱዝ ነው፤ ሊኑክስ ላይም ሆነ ዊንዶውስ ላይ ያው ነው።

የዋየርፕላምበር ድርሻ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ፕሮግራም ማይክ ሲጠይቅ ፕሮፋይሉን ራሱ ይቀይራል፤ ማይኩ ሲለቀቅ ይመልሰዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ፣ ማይኩን ይዞ የማይለቅ ፕሮግራም መኖሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከስብሰባ በኋላ ሳይዘጋ የቀረ የብራውዘር ትር። ሙዚቃው ያለምክንያት ከደበዘዘ በፓቩኮንትሮል ሪኮርዲንግ የሚለውን ትር ተመልከቱ፤ ማይኩን የያዘው ፕሮግራም ስሙ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ያንን ፕሮግራም ወይም የብራውዘር ትር መዝጋት ብቻ ሄድሴቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ለዘላቂው ግን የማያዳግም መፍትሔ አለ፤ እኛም ለሁሉም ሰው የምንመክረው ይህንኑ ነው። በድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ማዳመጫውን ሄድሴቱን፣ ማይኩን ደግሞ የላፕቶፑን ወይም ለብቻው የተገዛ የዩኤስቢ ማይክ አድርጉ። ከዚያ ራስ-ሰር ለውጡን ዝጉት። ከዋየርፕላምበር 0.5 ወዲህ ይህ በአንድ ትዕዛዝ ያልቃል፦ ደብሊውፒሲቲኤል ሴቲንግስ ብላችሁ፣ ሴቭ የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ፣ ብሉቱዝ.አውቶስዊች-ቱ-ሄድሴት-ፕሮፋይል የሚለውን ፎልስ ማድረግ ነው። በ0.4 ጊዜ ለዚህ በሉዋ ቋንቋ የማስተካከያ ፋይል መጻፍ ግድ ነበር። እነዚያ የሉዋ ፋይሎች 0.5 ላይ አይሠሩም፤ ዲስትሮውን ካሻሻሉ በኋላ «ሴቲንጌ ጠፋ» ለሚሉ ሁሉ ምክንያቱ ይህ ነው። በዚህ ለውጥ ብዙ ተጠቃሚ ተጎድቷል፤ የተሻለ ማስጠንቀቂያ ይገባው ነበር።

ሄድሴቱ ተገናኝቶ ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ፓክቲኤል ኢንፎ ብላችሁ የሰርቨሩን ስም አንብቡ፤ «ፐልስኦዲዮ» ከሚለው ቀጥሎ «ኦን ፓይፕዋየር» የሚል ከሌለ እየሠራ ያለው የድሮው ነው። ዴቢያን ላይ ሊብስፓ-0.2-ብሉቱዝ የሚባለው ፓኬጅ ካልተጫነ ፓይፕዋየር ብሉቱዝን አያውቀውም፤ ብሉዚም «ፕሮቶኮል ኖት አቬይለብል» የሚል ስህተት ሎግ ላይ ይጽፋል። ፓኬጁን ጫኑ፤ ፐልስኦዲዮ-ሞጁል-ብሉቱዝ ካለ አውጡት። ከዚያ ፓይፕዋየርን፣ ፓይፕዋየር-ፐልስንና ዋየርፕላምበርን በሲስተምሲቲኤል ሪስታርት አድርጉ። ዩዘር የሚለውን አማራጭ መጨመር አትርሱ፤ ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደውን ሱዶ ደግሞ አታስገቡ። ሦስቱም በተጠቃሚው ስም የሚሠሩ አገልግሎቶች ስለሆኑ ሱዶ የሚፈልጋቸው ሌላ ቦታ ነው፤ አያገኛቸውም።

የድምፅ መቆራረጥ ብዙ ጊዜ ያለቦታው የሚታከም በሽታ ነው፤ ለምርመራው ግን ፓይፕዋየር ግሩም መሣሪያ ሰጥቶናል። ተርሚናል ላይ ፒደብሊው-ቶፕን ክፈቱና ሙዚቃ አጫውቱ። የሄድሴቱን መስመር ፈልጋችሁ ኢአርአር የሚለውን ዓምድ ተከታተሉ። በተቆራረጠ ቁጥር ያ ቁጥር ከጨመረ ኮምፒውተሩ ድምፁን በሰዓቱ ማድረስ አልቻለም ማለት ነው። በአንድ ዙር የሚዘጋጀውን የድምፅ መጠን የሚወስነውን ክሎክ.ፎርስ-ኳንተም በፒደብሊው-ሜታዳታ 2048 አድርጉት። በ48,000 ኸርዝ ሲሰላ በአንድ ዙር 43 ሚሊሰከንድ ያህል ጊዜ ይሰጠዋል፤ የተለመደው 1024 የሚሰጠው 21 ብቻ ነው። ካልረዳ 0 ብላችሁ ወደነበረበት መልሱት።

ድምፁ እየተቆራረጠ ኢአርአር ንቅንቅ ካላለ ግን ሶፍትዌሩን ተዉት፤ የራዲዮ ችግር ነው። ብሉቱዝና 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አንድ ሞገድ ይጋራሉ፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ካርዳቸውም አንድ ነው። ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛውሩ። በዶንግል (ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ የብሉቱዝ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ዩኤስቢ 3 ላይ የተሰካ ዲስክ በዚያው ሞገድ አካባቢ ረብሻ ስለሚያሰማ ዶንግሉን በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ከኮምፒውተሩ አርቁት። የዚህ ገመድ ጥቅም ከብዙ ሰዓት የሴቲንግ ፍለጋ ይበልጣል። ኤልዳክን በ990 የምታዳምጡ ደግሞ ወደ 660 ዝቅ አድርጉት። ይህ ሁሉ ካልሆነ ቢቲዩኤስቢ የሚባለው የብሉቱዝ ድራይቨር (ሞጁል) ኃይል ለመቆጠብ ሲል መሣሪያውን እያስተኛው ሊሆን ይችላል። በሞድፕሮብ ማስተካከያ ፋይል ላይ የሞጁሉን ኢኔብል_አውቶሰስፔንድ 0 አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት።

የማሳወቂያ ድምፅ መጀመሪያው የሚዋጥባቸው ደግሞ አሉ። ዋየርፕላምበር 5 ሰከንድ ዝም ያለ መሣሪያን ያስተኛል፤ ሄድሴቱ እስኪነቃ የመጀመሪያው ቃል ያልፋል። ሴሽን.ሰስፔንድ-ታይምአውት-ሰከንድስ የሚለውን ለሄድሴቱ 0 ብታደርጉት ይቀራል፤ የሄድሴቱ ባትሪ ግን ትንሽ ቶሎ ያልቃል።

አንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን የጫነ ሰው ሄድሴቱን በየጊዜው እንደ አዲስ ፔር ማድረግ ይሰለቸዋል። ፔር በተደረገ ቁጥር አዲስ ቁልፍ ይፈጠራል፤ ሄድሴቱ ደግሞ ለዚያ ኮምፒውተር የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ብቻ ነው። መጀመሪያ በሊኑክስ፣ ቀጥሎ በዊንዶውስ ፔር አድርጉ። ከዚያ ቁልፉን ከዊንዶውስ ሬጅስትሪ (ሴቲንጎቹን ከሚያስቀምጥበት መዝገብ) ገልብጣችሁ ብሉዚ በሚያስቀምጠው የሄድሴቱ ኢንፎ ፋይል ውስጥ ሊንክኪ ከሚለው ክፍል ሥር ተኩና የብሉቱዝ አገልግሎቱን ሪስታርት አድርጉ።

እንግዲህ ፍርዳችን፦ ለሙዚቃና ለፊልም ፓይፕዋየርን ያለምንም ማመንታት እንመክራለን። ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ለሚውል ሰው ግን ብሉቱዝ ማይክ ላይ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም። እንዲህ ላለ ሰው የሚሻለው የራሱ 2.4 ጊጋኸርዝ ዶንግል ያለው ሄድሴት ነው። ዶንግሉ ለሊኑክስ እንደ ተራ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ስለሚታየው ብሉዚ አያስፈልገውም፤ ማይኩ ሲከፈትም የፕሮፋይል ለውጥ የለም። ሲገዙ የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለጌምና ለንግግር ሁለት የተለያዩ መውጫዎች ያቀርባሉ። የንግግሩ መውጫ ሞኖ ሊሆን ስለሚችል፣ ሙዚቃው ቀጭን ከመሰላችሁ ፓቩኮንትሮል ውስጥ የጌሙን መውጫ ዋና አድርጉት።