ስታዲየም አካባቢ ያለችው የኳስ ቤት
ቅዳሜ አርሰናልን ለማየት ስታዲየም አካባቢ አንዷ ዲኤስቲቪ ቤት ገባን፣ ስክሪኑ ትልቅ ነው ድምፁም አሪፍ፣ ማኪያቶው ግን ውሃ በውሃ፣ ደሞ ትልቅ ጨዋታ ሲሆን መግቢያ ይጨምራሉ፣ ደንበኛ ነን እኮ! ቤቷን የምወዳት ለክርክሩ ነው። አጠገቤ የነበሩ አንድ የማንቼ ደጋፊ ጋሼ፣ ግሌዘሮች የሚባሉት አሜሪካዊ ባለሀብቶች በፈረንጆቹ 2005 ክለቡን በብድር ገዝተው ዕዳውን እዛው ክለቡ ላይ ጫኑት ብለው ሲያማርሩ እኔ ደሞ ቫን ፐርሲ በ2012 ካፒቴናችን ሆኖ እናንተ ጋ መሄዱ አሁንም ያመኛል አልኳቸው። "ልጄ፣ ተጫዋችማ ሠራተኛ ነው፣ ደሞዝ ወዳለበት ይሄዳል፣ ከሮማ ሳይወጣ የጨረሰው ቶቲ አንድ ነው" አሉኝ። መልስ አጣሁ፣ እውነትም ባለሀብቱ ሲነግድበት ዝም ብለን ልጁን ብቻ ከሃዲ እንላለን። ወንበሩ ግን ከእረፍት በኋላ ወገብ ይቆርጣል፣ ቀድማችሁ ግቡና ሶፋውን ያዙ።