«ድሬ ላይ የአየር ኩለር አይሠራም» ላላችሁኝ ሁሉ

ግንቦት ሲገባ የኮምፒውተሬ ፕሮሰሰር (ዋናው አስሊ ቺፕ)፣ በፋን የሚሠራ የአየር ኩለር (ማቀዝቀዣ) ተጭኖበት ሳለ፣ 90 ዲግሪ መንካት ጀመረ። የሰርግ ቪዲዮ ሬንደር ላይ (አርትዖቱ ያለቀውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል እንዲያወጣ) ጥዬው ወጥቼ ስመለስ ፍጥነቱን በራሱ ቀንሶ እየተጎተተ አገኘዋለሁ። ያማከርኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «የአየሩን ጣልና የውሃ ኩለር ግዛ።» እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያሉት ሻጮችማ ኮምፒውተሩን ሳያዩ፣ ስንት ዋት እንደሚስብ ሳይጠይቁ ነው የፈረዱት። «አቦ፣ ይሄ ለአዲስ አበባ ነው፤ ድሬ ላይ አየር ምን ያቀዘቅዛል?» አለኝ አንዱ። የውሃውን ዋጋ ስጠይቀው ለአየሩ ከከፈልኩት ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ነገረኝ።

አልገዛሁም። ባለመግዛቴ ደስ ብሎኛል፤ ኩለሬንም እከራከርለታለሁ።

ዕቃው ባለ ሁለት ማማ ነው፣ ማለትም ሁለት የስስ ብረት ክንፎች ክምር አለው፤ ስድስት የመዳብ ቱቦና ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን አለው። የተጫነው ራይዘን 7 5800ኤክስ የሚባል ፕሮሰሰር ላይ ነው። ኅዳር ላይ ገዛሁት፣ እስከ መጋቢት ድረስ ስለ እሱ የማወራው ነገር አልነበረኝም። ድምፁ አያስቸግርም፣ ሥራውን ይሠራል፣ በቃ።

ከሻጮቹ አንዱም ያልጠየቀኝ ጥያቄ «ክፍልህ ስንት ዲግሪ ነው?» የሚለው ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እሱ ላይ ነው። የኩለር ሥራ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ለክፍሉ አየር ማስረከብ ነው። ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም፤ የአየሩም አይችልም፣ የውሃውም አይችልም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። የክፍሉን ሙቀት ቀንሳችሁ የሚቀረውን ነው ማየት ያለባችሁ።

የእኔን ላስላው። ኅዳር ላይ ክፍሌ 26 ዲግሪ ሆኖ ረጅም ሬንደር ላይ ፕሮሰሰሩ 78 ይደርስ ነበር፤ ልዩነቱ 52። ሰኔ ላይ ክፍሌ 35 ነው። 35 ላይ 52 ስትደምሩ 87 ይመጣል። ፕሮሰሰሩን የሠራው ኤኤምዲ ለ5800ኤክስ የወሰነው ጣሪያ 90 ነው፣ ሦስት ዲግሪ ብቻ ነው የቀረው፤ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን እየቀነሰ ራሱን ይጠብቃል። እንግዲህ ኩለሩ በምን ተበላሸ? ኅዳር ላይ ይሠራው የነበረውን ሥራ ሰኔ ላይም እየሠራ ነው። የተለወጠው ድሬ ነው። ውጭ አገር የሚሠሩት ግምገማዎች አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ 21 ወይም 22 ዲግሪ ሆኖ የተለኩ ናቸው። እነሱ «70 ዲግሪ» ያሉትን እዚህ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚጠብቅ ሰው ያለ ጥፋቱ ዕቃውን ይጠላዋል።

የጣሪያ ፋን ክፈትለት ያሉኝም ነበሩ። የጣሪያ ፋን ሰውን የሚያቀዘቅዘው ላቡን በማትነን ነው። መዳብ አያልበውም፤ 35 ዲግሪ የሆነ አየር ቢሽከረከርም ያው 35 ነው።

ይህን ሁሉ በሂሳብ ብቻ አላመንኩም። ሐረር የሥራ ጉዳይ ስለነበረኝ ኮምፒውተሩን ይዤው ወጣሁና ምንም ሳልነካ፣ ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ሳልቀይር፣ አቧራውን ሳላራግፍ፣ ያንኑ ፕሮጀክት እዚያ ሬንደር ላይ ጣልኩት። ክፍሉ 23 ዲግሪ ነበር። ፕሮሰሰሩ 78 ላይ ቆመ፤ ፍጥነቱም አልወረደም። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት መውጣት ብቻውን ከ90 ወደ 78 ካወረደው ጥፋቱን ኩለሩ ላይ የሚጭን ሰው ምን ይዞ ነው የሚከራከረኝ? በእርግጥ ልዩነቱ 55 ሆኗል፤ ከኅዳሩ በሦስት ይበልጣል። አንድም ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። አንድም ወራት የተከማቸ አቧራ አለ። ሁለቱም ድርሻ ይኖራቸዋል።

«ለአዲስ አበባ ነው» ላለኝ ወንድሜም መልሱ እዚሁ አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየራችን ከእነሱ ይወፍራል። ለፋን የሚመቸው የኛ አየር ነው። እነሱ የሚበልጡን በክፍላቸው ቅዝቃዜ ብቻ ነው፤ ያ ቅዝቃዜ ደግሞ የውሃ ኩለር ካርቶን ውስጥ ታሽጎ አይሸጥም።

ውሃ ውሃ ለሚሉትም አንድ ነገር ልንገራቸው። እነዚህ የመዳብ ቱቦዎች ባዶ አይደሉም። ውስጣቸው አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ ትንሽ ውሃ ይጨመርና ይታሸጋሉ። ፕሮሰሰሩ በኩል ያለው ጫፍ ሲሞቅ ውሃው ይተናል፣ እንፋሎቱ ወደ ላይኛው ክንፍ ሄዶ ሙቀቱን ጥሎ መልሶ ውሃ ይሆናል፣ የቱቦው ግድግዳም እንደገና መጦ ይመልሰዋል። ፓምፕ የለ፣ ጎማ የለ፣ የሚያፈስ ማያያዣ የለ። የውሃ ኩለሩ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ የሞተ ዕለት ሥራ ቆመ ማለት ነው፣ ደንበኛው ደግሞ የሰርግ ፊልሙን እየጠበቀ ነው። ውሃውም ዓመታት ሲያልፉ በጎማው በኩል ቀስ እያለ ይተናል፣ አብዛኞቹም ተከፍተው የሚሞሉ አይደሉም። መለዋወጫውን ድሬ ላይ የት አገኛለሁ?

ደግሞም 5800ኤክስ ላይ ችግሩ ከኩለሩ በታች ነው የሚጀምረው። ስምንቱም ኮር (ሥራውን የሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) የተቀመጡት 80 ስኩዌር ሚሊሜትር ገደማ በሆነች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር በምታንስ ቺፕ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ 105 ዋት የሚል ተጽፏል፤ ነገር ግን ፒፒቲ በሚባለው ገደብ እስከ 142 ዋት እንዲስብ ተፈቅዶለታል። ያን ሁሉ ሙቀት ከዚያች ጠባብ ቦታ ማውጣት ነው ፈተናው። ላዩ ላይ የቱንም ያህል ትልቅ የውሃ ኩለር ራዲያተር ብትከምሩ መውጫው ያው ጠባብ ነው።

ስለዚህ ድሬ ተመልሼ ገንዘብ ሳላወጣ፣ ወይም ትንሽ ብቻ አውጥቼ፣ የሚስተካከለውን አስተካከልኩ። መጀመሪያ ኬዙ፣ የኮምፒውተሩ ሣጥን። ፊቱ መስታወት ነው፤ አየር የሚገባው በጎን ባለች ቀጭን ክፍተት ብቻ ነው። መስታወቱን ስነቅለው ፕሮሰሰሩ ወዲያው ከ90 ወረደ። ሁለቱ የኩለሩ ፋኖች አየር እየተራቡ ነው የከረሙት ማለት ነው። መስታወቱን ትቼ ብረታ ብረት ቤት ወሰድኩትና ፍሬም አሠርቼ ለመስኮት የሚሆን የወባ ትንኝ ወንፊት አስወጠርኩበት። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ የሚነሳውን አቧራም ያስቀርልኛል፤ አውጥቼ በውሃ አጥቤ እመልሰዋለሁ። እንዲህ ያለ ኬዝ የሚሸጡ ሰዎች ስለ መብራቱ ከሚያወሩ ስለ ፊቱ ቢናገሩ ስንት ሰው ባረፈ።

ቀጥሎ አቧራውና ፔስቱ። በክንፎቹ መሃል የተሰገሰገውን በብሩሽና በእጅ ብሎወር አወጣሁት። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት እዚህ የተለመደ ነው፤ አላደርገውም። ግፊቱ ኃይለኛ ነው፣ ከአየሩ ጋርም የውሃ ጠብታ ይወጣል። በብሎወርም ቢሆን የፋኑን ምላስ በጣት ያዙት፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ቤሪንጉ ይጎዳል። ፔስቱን ስከፍተው መሃሉ ስስ ሆኖ ወደ ዳር ተገፍቶ ነበር፣ መሞቅና መቀዝቀዝ ሲፈራረቅበት የሚሆን ነው። ጠርጌ አዲስ ቀባሁ።

እዚህ ላይ እንደ እኔ ፕሮሰሰራችሁ የሚሰካበት ሶኬት ኤኤም4 የሚባለው የሆነ በጣም ተጠንቀቁ። ሶኬቱ ፕሮሰሰሩን ከላይ የሚጫን ክዳን የለውም። ፔስቱ ቀዝቅዞ ከጠነከረ ኩለሩን ሽቅብ ስትስቡ ፕሮሰሰሩም ተጣብቆ አብሮ ይነቀላል፤ ሥሩ ያሉት 1,331 ቀጫጭን እግሮች ከታጠፉ ደግሞ ለቅሶ ነው። መጀመሪያ ከባድ ሥራ ሰጥታችሁ አሙቁት፣ አጥፉና ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ኩለሩን ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞራችሁ አላቁት። «እኛ እንፈታልሃለን» ብሎ በአንድ እጅ ሽቅብ የሚመነጭቅ ባለሙያ አይቻለሁ፤ ኮምፒውተሬን ለእንዲህ ዓይነት ሰው አልሰጥም።

በእነዚህ ብቻ፣ በዚያው 35 ዲግሪ ክፍል፣ 84 ላይ ተረጋጋ። ፍጥነት መቀነሱም ቀረ።

የመጨረሻው ማስተካከያ ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ያለ አንድ ምርጫ ነው፦ ኢኮ ሞድ። ከ105 ዋት መደብ ወደ 65 ያወርደዋል፤ ፒፒቲውም ከ142 ወደ 88 ዋት ይወርዳል። ስሙን ሰምተው «ኮምፒውተርህን ልታደክመው ነው» የሚሉ አሉ። ውጤቱን ልንገራችሁ፦ ከ84 ወደ 68 ዲግሪ ወረደ። በፕሮሰሰሩ ብቻ ስሠራው 40 ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ፊልም 43 ደቂቃ ሆነ። በሦስት ደቂቃ 16 ዲግሪ ገዛሁ። ፋኖቹ መጮህ ተዉ፣ ክፍሌም ራሱ ቀለለኝ፤ ያ ሁሉ ዋት መጨረሻው እኔ የምቀመጥበት አየር ውስጥ ነበር የሚገባው። የውሃ ኩለር ብገዛ ኖሮ ያንኑ 142 ዋት ወደዚያው ክፍል ይተፋብኝ ነበር። ይህን የነገረኝ ሻጭ የለም፣ የሚሸጥበት ነገር የለዋ!

አሁን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ኢኮ ሞድ ላይ አደርገዋለሁ። ብርዱ ሲገባ እመልሰዋለሁ።

ኩለሩን ድጋሚ ብገዛ እገዛዋለሁ ወይ? ያለ ማመንታት። ለሚገዛ ሰው የምለው የኬዙን ስፋት ለኩ ነው፤ እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ማማ ብዙውን ጊዜ ከ155 ሚሊሜትር በላይ ይቆማልና ጠባብ ኬዝ ጎኑ አይዘጋም። ራሙም (ከፕሮሰሰሩ ጎን የሚሰካው የማስታወሻ ካርድ) ረጅም ከሆነ የፊተኛውን ፋን ከፍ አድርጋችሁ ማሰር ግድ ይሆናል። የምወቅሰው አንድ ነገር አለኝ፤ የፊተኛው ፋን አቧራ ስለበላ ቀስ ሲል ኪር ኪር የሚል ድምፅ ጀምሯል። ባለ 120 ሚሊሜትር፣ ባለ አራት ፒን ተራ ፋን ስለሆነ ታይዋን ውስጥ የትኛውም ሱቅ አለ። በሁለት የሽቦ ማቀፊያ ነው የሚታሰረው፤ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ራሴ እቀይረዋለሁ።