ለመብረቅና ለክረምት ፎቶ፦ ዲኤስኤልአር ወይስ ሚረርለስ? ከጅማ ዝናብ አንጻር

ጅማ ላይ ካሜራ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ዝናቡና እርጥበቱ ነው። መስታወት አለው (ዲኤስኤልአር) ወይስ የለውም (ሚረርለስ) የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቢሆንም ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ለሌሊት መብረቅ ጥሩ ዲኤስኤልአር ከሚረርለስ አያንስም፤ ያገለገለ በቅናሽ ከተገኘ እንዲያውም እሱን ይግዙ። ለቀን መብረቅ ግን ከመጫንዎ በፊት የነበረውን የሚያስቀር ሚረርለስ በግልጽ ይቀድማል።

በዲኤስኤልአር ውስጥ ከሌንሱ ጀርባ ያለው መስታወት ብርሃኑን ወደ ዓይን ይልካል፤ የሻተሩ ቁልፍ ሲጫን ይነሣና ለሴንሰሩ (ብርሃኑን ፎቶ ለሚያደርገው ክፍል) ቦታ ይለቃል። ሚረርለስ መስታወት ስለሌለው ሴንሰሩ ያየውን በትንሽ ስክሪን ያሳያል።

ሌሊት መብረቅ ማንሳት ማለት ሻተሩን፣ ማለትም የሴንሰሩን መዝጊያ፣ ከፍቶ መጠበቅ ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይሁን፤ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ይጠብባል) 8፣ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ። መብረቁ ቀርቦ ሰማዩን ካነጣው ወደ ኤፍ 11 ይዝጉ፤ ርቆ ከደከመ ወደ ኤፍ 5.6 ይክፈቱ። ሰከንዱን ማስረዘም የሚያደምቀው የከተማውን መብራትና ደመናውን ነው እንጂ መብረቁን አይደለም። ፎከሱን በእጅ ያስተካክሉ፦ ሩቅ ያለ የመንገድ መብራት በስክሪኑ ላይ አጉልተው፣ ነጥቡ በጣም እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን ያዙሩና በፕላስተር ይያዙት። ቀለበቱን ጥግ ድረስ ማዞር ግን ስህተት ነው፤ ብዙ ሌንስ ከሩቁ ነጥብ አልፎ ስለሚሄድ ፎቶው ብዥ ይላል። የረጅም ሻተር ኖይዝ ቅነሳንም (ፎቶው ላይ የሚታዩ ነጠብጣቦችን የሚያጠፋውን ቅንብር) ያጥፉ። ካልጠፋ ካሜራው ከ30 ሰከንዱ ፎቶ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ጨለማ ያነሣል፤ ትልቁ መብረቅም በዚያ መሐል ያመልጣል።

ይህ ሁሉ በሁለቱም ላይ እኩል ይሠራል። ዲኤስኤልአር አንድ የራሱ ችግር አለው፦ ከኋላ የሚመጣ የበረንዳ ወይም የእጅ ባትሪ መብራት በማያው ቀዳዳ ገብቶ ፎቶው ላይ ጭጋግ መሰል ብርሃን ይተዋል። ስለዚህ ቀዳዳውን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑት። ሚረርለስ ይህ መንገድ የለውም።

ትራይፖድ ይዞ ገላጣ ኮረብታ ላይ ወይም ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መቆም አይገባም። ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል ከተማዋን ማንሳት ለሚያምረው ሰው ይህ በተለይ ይነገረው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ በግምት 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ወደ ቤት ወይም መስኮቱ ወደተዘጋ መኪና ይግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆዩ።

ባትሪ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በተለመደው የፋብሪካዎች መለኪያ ኒከን ዲ780 በአንድ ባትሪ 2,260 ፎቶ፣ ኒከን ዜድ 6 ደግሞ 310 ፎቶ ያነሣል። ዲኤስኤልአሩ በስክሪን ሲሠራና ሻተሩ ረጅም ሲሆን ግን ይህ ብልጫ በጣም ይጠብባል። መብራት በሚሄድበት ከተማ ሌላም ነገር ይታሰብ፦ ዜድ 6 ከፓወር ባንክ ቻርጅ የሚያደርገው ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ዜድ 6 ሁለት ግን እየሠራም ከዩኤስቢ ኃይል ይወስዳል። ብዙዎቹ የቆዩ ዲኤስኤልአሮች በዩኤስቢ ቻርጅ ስለማያደርጉ ሁለተኛ ባትሪ የግድ ነው።

ቀን ላይ ሻተሩን 30 ሰከንድ መክፈት አይቻልም፤ ብልጭታውን አይቶ መጫን ደግሞ የዘገየ ነው። ዲኤስኤልአር ላይ መፍትሔው የመብረቅ ሴንሰር ያለው ትሪገር፣ ማለትም ብልጭታውን ሲያይ ካሜራውን በራሱ የሚያስነሣ መሣሪያ፣ መግጠም ነው። አንዳንድ ሚረርለሶች ግን ከመጫንዎ በፊት የነበረውን ያስቀራሉ፦ የኦሊምፐስ ኢ-ኤም1 ማርክ ሁለት እስከ 14 ፎቶ፣ ኒከን ዜድ 8 እና ዜድ 9 ደግሞ በጄፔግ እስከ 1 ሰከንድ። ጉድለቱ ይህ የሚሠራው በኤሌክትሮኒክ ሻተር መሆኑ ነው። ሴንሰሩ መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ብልጭታው በመሐል ሲመጣ ሰማዩ ላይ በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስል ብሩህ ቀበቶ ይቀራል። ዜድ 8 እና 9 ፈጥነው ስለሚያነቡ ይህ ይቀንሳል።

ዝናብን የሚከላከለው ማሸጊያ (በካሜራውና በሌንሱ መገጣጠሚያ ላይ ያለ ጎማ) ነው፤ እሱም በሁለቱም ወገን ዋጋ ይጠይቃል። ካነን 5ዲ ማርክ አራትና ኒከን ዲ750 ማሸጊያ አላቸው፤ ካነን 2000ዲ፣ ኒከን ዲ3500 እና ሚረርለሱ ካነን አር50 የላቸውም። ሌንሱን ገልብጠው የብረት ቀለበቱን ዳር ይመልከቱ፤ ቀጭን የጎማ ክር ካልዞረበት ውሃ በዚያ ይገባል። ካነን 17-40 ኤል የጎማ ክሩ ቢኖረውም ከፊቱ ፊልተር ካልታሰረበት ማሸጊያው ሙሉ አይሆንም። ማሸጊያ ለሌለው ካሜራ ወፍራም ፌስታል በሌንሱ ልክ ቀድዶ በላስቲክ ማሰር በጣም ይረዳል።

ከዝናቡ ይልቅ ሌንስ የሚገድለው ሻጋታ ነው። ሳይደርቅ የተከማቸ ቡና ምን እንደሚሆን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ ክረምቱን የከረመ ሌንስም እንዲሁ ነው። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ከሚመጡ ፍሬዎች) ጋር ያስቀምጡት፤ ፍሬዎቹ ቀለም ሲቀይሩ በለስላሳ ሙቀት ያድርቋቸው።

በበጋ ደግሞ አቧራ አለ። ሚረርለስ ሌንሱ ሲወልቅ ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ ገላጣ ስለሆነ ሌንስ መቀየር በመንገድ ዳር አይመከርም። በዲኤስኤልአር መስታወቱና የተዘጋው ሻተር ይከልሉታል።

የካነን ኢኤፍ (የዲኤስኤልአር) ሌንስ ያለው ሰው በአዳፕተር (ሌንሱን ከአዲሱ ካሜራ በሚያገናኝ ቀለበት) ወደ ሚረርለስ ሲሻገር አውቶፎከሱ አብሮት ይሄዳል። የኒከን ሰው ግን ይጠንቀቅ፦ የኒከኑ ኤፍቲዜድ አዳፕተር ሞተር ስለሌለው የድሮዎቹ ዲ ዓይነት ሌንሶች በእጅ ብቻ ፎከስ ያደርጋሉ። ካነንና ኒከን ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ትልቅ ዲኤስኤልአር አላወጡም፤ ሌንስ እየጨመረ ለዓመታት የሚሠራበትን የሚገነባ ሰው ሚረርለስ ይጀምር። በጀቱ ጠባብ ከሆነና ዓላማው የሌሊት መብረቅና የመልክዓ ምድር ፎቶ ከሆነ ያገለገለ ዲ750 ወይም 5ዲ ማርክ አራት፣ ጠንካራ ትራይፖድና የገመድ ሪሞት ይበቁታል።

ያገለገለ ሲገዙ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተጫነ ያስነብቡ፤ ዲ750ም 5ዲ ማርክ አራትም የተፈተኑት ለ150,000 ነው። ከዚያ የሌንሱን ሁለቱንም ክዳን አንሥተው ከኋላ በስልክ ባትሪ ያብሩበት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ካዩ ዋጋ ቢቀነስልዎትም አይውሰዱት።