ኢኮኖላይን፣ ትራንዚት ወይስ ስፕሪንተር? ለበረሃና ለተራራ ጉዞ የሚሆን የመንገደኛ ቫን ምርጫ

የመንገደኛ ቫን ገዝቶ የዩታን በረሃና የኮሎራዶን ተራሮች ለማየት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አልጋው፣ ስለ ምድጃውና ጣሪያው ላይ ስለሚሰቀለው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቫኑ የሚሄድበት መንገድ ነው እላለሁ። አልጋ በማንኛውም ቫን ውስጥ ይሠራል። ቋጥኝ ላይ የማይወጣን ቫን ግን በኋላ እንዲወጣ ላድርገው ቢሉ ወጪው ከግዢው ዋጋ ሊስተካከል ይችላል።

በዩታ ካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዋይት ሪም የሚባል 100 ማይል ገደማ የሚረዝም ጥርጊያ መንገድ አለ። ፓርኩ ወደዚያ የሚያስገባው ከመሬት ከፍ ያለና ሎው ሬንጅ የሚባለው ረዳት ማርሽ ያለው አራት በአራት መኪና ብቻ ነው፤ የመግቢያ ፈቃድም ያስፈልጋል። ኃይል ለአራቱም ጎማ ማድረሱ ብቻውን አይበቃም። ደንቡ እንዲሁ ለማስቸገር የወጣ አይደለም። ረዳት ማርሽ መኪናው ሞተሩ ሳይጨነቅ በሰው እርምጃ ፍጥነት ቋጥኝ እንዲወጣ ያደርጋል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይም ፍሬኑ ግሎ እንዳይከዳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ሦስቱን ቫኖች ከማንኛውም ነገር በላይ የሚለያቸው ይህ ማርሽ ነው።

በዴንቨር፣ በሲያትል ወይም በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ መንገደኛ በማመላለስ ሥራ ለቆየ ወገን ፎርድ ኢኮኖላይን ኢ-350ን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የመንገደኛው ዓይነት እስከ 2014 ሞዴል ድረስ ተሠርቷል። በወፍራም ቴላዮ ላይ የተቀመጠ፣ ክፍሉ የትም የሚገኝ፣ ማንም መካኒክ የሚያውቀው መኪና ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ግን የሚነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። አራት በአራት የሚሆነው እንደ ፔንሲልቬንያው ኩዊግሊ ወይም እንደ ሰሜን ካሮላይናው ዩጆይንት ኦፍሮድ ባሉ ድርጅቶች እጅ ሲገባ ነው። የፊቱ እግር በሙሉ ይነሣና ብዙውን ጊዜ ከፎርድ ከባድ ፒክአፕ የተወሰደ ወጥ አክስል ይገባለታል፤ ከካምቢዮው ኋላም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ኬዝ ይታከላል። በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚገባው ትራንስፈር ኬዝ በረዳት ማርሽ ጊዜ ጉልበቱን 2.7 ጊዜ ገደማ ያበዛል። ከሦስቱ እውነተኛ የገደል መንገድ ቫን የምለው ይህንን ነው።

ዋጋው ሁለት ፊት አለው። ያገለገለ የማመላለሻ ኢኮኖላይን በአንጻሩ ርካሽ ነው፤ የአራት በአራት ሥራው ግን በባለሙያ ሲሠራ ከአሥር ሺህ ዶላር በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ርካሹን ቫን ሳይሆን ጤነኛውን መግዛት ያዋጣል። በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንባቸው ግዛቶች የኖረ ከሆነ መኪናው ሥር ገብቶ ቴላዮውንና የኋላ ባሌስትራ መያዣዎቹን በመዶሻ ቀስ እያሉ ማንኳኳት ነው፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ይደነቁራል፣ ቅርፊቱም ይራገፋል። ማይሉን ብቻ አይመኑ። የአየር ማረፊያ ማመላለሻ ተሳፋሪ እየጠበቀ ሞተሩ ሳይጠፋ ለሰዓታት ይቆማል፣ ያ ሁሉ ድካም ደግሞ በማይል ቆጣሪው ላይ አይታይም። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት የ5.4 ሊትር ሞተሮች ካንዴላ ተፈናጥሮ በመውጣት ይታወቃሉ። ከ2004 ጀምሮ የመጣውን የ6.0 ሊትር ናፍጣ ሞተር ደግሞ፣ የቴስታታ ጋስኬቱና የጭስ ማቀዝቀዣው በሚገባ መታደሳቸውን የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው፣ እኔ ብሆን አልገዛውም።

ሌላም ሰው የማያስበው ነገር አለ። የኢኮኖላይን የቤንዚን ሞተሮች ቱርቦ የላቸውም፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ጫማ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። በኮሎራዶ የኤንጂኒር ፓስ ጫፍ 12,800 ጫማ ነው። 255 የፈረስ ጉልበት ያለው የ5.4 ሊትር ሞተር እዚያ ሲደርስ ከሲሶ በላይ ጉልበቱ ከድቶታል። የ6.8 ሊትሩ ባለ አሥር ሲሊንደር 305 የፈረስ ጉልበት ይዞ ስለሚነሣ ይሻላል፣ ቤንዚን ግን በብዛት ይጠጣል። ውስጡም ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ካልተቆረጠና ከፍ ያለ ካልተገጠመለት ቀጥ ብሎ መቆም የለም። በአንጻሩ ፋብሪካው እንደሠራው ከተተወ ቁመቱ 7 ጫማ ገደማ ስለሆነ አንዳንድ የከተማ መኪና ማቆሚያዎች ይቀበሉታል፤ ካሻሻሉት በኋላ ይህ ጥቅም እንደሚቀር ይታወቅ።

ፎርድ ትራንዚት በአሜሪካ መሸጥ የጀመረው በ2015 ሞዴል ሲሆን በሁሉም ጎማ የሚነዳው የመጣው በ2020 ሞዴል ነው። ረዳት ማርሽ የለውም፤ ስለዚህ ዋይት ሪምን ይርሱት። ለጠጠር መንገድ፣ ለበረዶና አሸዋው ቀለል ላለ የበረሃ መንገድ ግን እጅግ በቂ ነው፤ አብዛኛው ቤተሰብ የሚሄደውም በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ባለ ቱርቦው የ3.5 ሊትር ሞተር 310 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ከፍታም እንደ ኢኮኖላይን አያዳክመውም። ከፍተኛው ጣሪያ ከተመረጠ ረጅም ሰው ቆሞ ይለብሳል። ድካሙ ከመሬት ያለው ከፍታ ማነሱ ነው። በ2023 የመጣው ትራንዚት ትሬይል ይህን ለማረም 3.5 ኢንች ከፍ ብሎ ትልልቅ ጎማ ይዞ ወጥቷል፤ ተራውን ትራንዚት የገዛም ሞላውንና ጎማውን አስቀይሮ ወደዚያው መጠጋት ይችላል። ልጆች ላሉት ሰው ትራንዚትን የማስቀድምበት ትልቁ ምክንያት ወንበሩ ነው። የመንገደኛው ቫን ለግጭት የተፈተነ ወንበር፣ ቀበቶና የጎን መጋረጃ ኤርባግ ይዞ ይመጣል። ካምፐር አደርገዋለሁ ብሎ እነዚህን አውጥቶ በእንጨት ሳጥን ላይ ልጅ ማስቀመጥ በምንም አይመከርም። የኋላውን አንድ ወይም ሁለት ረድፍ ማንሣት ይበቃል፤ ኤርባጉ በሚዘረጋበት ጠርዝም ቁም ሳጥን አይሰቀልም።

መርሴዲስ ስፕሪንተር በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። አራት በአራቱ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ይሸጣል፤ ከተራው ስፕሪንተር ፊቱ 110 ሚሊሜትር፣ ኋላው 80 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ረዳት ማርሽ በተጨማሪ ክፍያ ይገጠምለት ነበር፣ ያገለገለ ሲገዙ የረዳት ማርሹ ማብሪያ ቁልፍ ዳሽቦርዱ ላይ መኖሩን በዓይን ማየት ነው። ጉልበቱን የሚያበዛው ግን 1.42 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከተሻሻለው ኢኮኖላይን ጋር አይወዳደርም። በ2023 ሞዴል ስርዓቱ በቋሚነት በሁሉም ጎማ ወደሚነዳ ተለውጦ ረዳት ማርሹ ቀርቷል። የናፍጣ ሞተሩ ቆጣቢ ነው፣ ረጅም መንገድ ላይ ያለው እርጋታም ደስ ይላል። የሚያስፈራው የጭስ ማጣሪያው ነው። አንድ ሴንሰር ሲበላሽ መኪናው ስንት ጊዜ ብቻ መነሣት እንደቀረው እየቆጠረ ያሳይና ቁጥሩ ሲያልቅ አልነሣም ይላል። ይህ ከመርሴዲስ ጋራዥ ሦስት መቶ ማይል ርቆ ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። የፎርድ ወኪል በአንጻሩ በትንንሽ ከተሞች ሳይቀር አለ።

ገንዘቡ ለሦስቱም የማይደርስ ከሆነ ከ2003 እስከ 2014 የተሠራው በሁሉም ጎማ የሚነዳ ሼቭሮሌት ኤክስፕረስ 1500 መልካም መነሻ ነው፤ ረዳት ማርሽ ግን እሱም የለውም። ከጃፓን የሚመጣውን ሚትሱቢሺ ዴሊካ የሚወዱ አሉ። ጠንካራ አራት በአራት ነው፤ ወደ አሜሪካ የሚገባው 25 ዓመት ሲሞላው በመሆኑ ግን የክፍል ፍለጋውን ትዕግሥት ላለው ሰው እተወዋለሁ።

የትኛውንም ቢመርጡ ክብደት ይጠብቅዎታል። የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስለ 15 ሰው ቫኖች ሲያስጠነቅቅ የኖረው ጭነት ሲበዛ የመገልበጥ አደጋቸው በጣም ስለሚጨምር ነው። ከፍ ማድረግና ጣሪያ ላይ መጫን ደግሞ ያንኑ ያባብሳል። ሃያ ጋሎን ውኃ ብቻውን 167 ፓውንድ ይመዝናል። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚያ ቁጥር ማለፍ የለበትም። ከግንባታው በኋላ ውኃና ነዳጅ ሞልተው በከባድ መኪና ማደያዎች ባለው ሚዛን ላይ ያስመዝኑት፤ ፊቱና ኋላው ለየብቻ ይታይ።

ከሌላ ሰው እጅ የተሻሻለ ኢኮኖላይን የሚገዛ ሰው የሠራውን ድርጅት ስምና ደረሰኝ ይጠይቅ። ከ2012 ሞዴል ጀምሮ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚያግዘው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ በሕግ ግዴታ ነው፤ ከማሻሻያው በኋላ እሱና ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ እየሠሩ መሆናቸውን ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ባለመቅረቱ ብቻ ሳይሆን በመካኒክ ያረጋግጥ። ከዚያም በ65 ማይል ፍጥነት በአውራ ጎዳና ይንዳው። መሪው ወዲያና ወዲህ የሚቅበዘበዝ ወይም ጎርበጥ ያለ ቦታ ሲመታ ፊቱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የአክስሉ አገጣጠም ችግር አለበት፤ እስኪስተካከል ድረስ አይከፈልበትም።