የፓይንውድ ደርቢ ወላጆች፣ “ለውድድር የተዘጋጀ ጎማ” ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፤ ንዴቴም ገና አልበረደም። ግን ልጆቻችሁን ከብ ስካውት (የትንንሽ ልጆች ስካውት) ያስገባችሁ ወላጆች፣ በተለይ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ የውድድሩ ወቅት ሳያልፍ ይህን ማወቅ አለባችሁ።

153 ዶላር ከ70 ሳንቲም ተበላሁ። ገንዘቡ ሠርቼ የምተካው ነው። የልጄ ፊት ግን ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል።

ውድድሩን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ልጁ ከፓኩ፣ ማለት ከስካውት ቡድኑ፣ ትንሽ ሳጥን ይሰጠዋል። ውስጡ 7 ኢንች ርዝመት ያለው የጥድ እንጨት፣ አራት የፕላስቲክ ጎማና ጎማዎቹ የሚሽከረከሩባቸው አራት ምስማር አለ። ከእነዚህ መኪና ይሠራል። ሞተር የላትም። ከከፍታ ትለቀቅና በገዛ ክብደቷ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅባት። በብዙ ፓኮች ከ5 አውንስ በላይ መክበድ አይፈቀድላትም። በ1953 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማንሃተን ቢች የጀመረው ዶን መርፊ የሚባል የስካውት መሪ ነው። የመርፊ ልጅ ትልልቆቹ ልጆች ውስጡ ተቀምጠው ለሚነዱት የመኪና ውድድር ዕድሜው አልደረሰም ነበር። እና አባትና ልጅ አብረው የሚሠሩት ነገር ፈጠረለት። አብረው የሚሠሩት! ይህን ያነበብኩት ዛሬ ነው፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ።

እኛም እኮ ደህና ጀምረን ነበር። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ ወስጄው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ አይቶ ልቡ ተሰቅሎ ነው የተመለሰው። እንጨቱን ሲያይ “ታክሲ ነው የምሠራው” አለ። እውነትም ያ ቁራጭ ሚኒባስ ይመስላል። ራሱ ቀባው። በሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ የሚጣራ ወያላ ሣለበት። ምስማሮቹንም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይዟቸው ነበር። ከምስማሩ ራስ በታች ያለውን ሸካራ ነገር በትንሽ ሞረድ ያነሳል፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ከ400 ቁጥር ጀምሮ እስከ 2000 ያሳልፈዋል። ሁለቱን ጨርሶ ነበር። መስታወት ነው የሚመስሉት። ሦስተኛው እጁ ላይ ነበር።

እኔ ደግሞ የሌሊት ሥራ ላይ ነኝ። ማክሰኞ አንዱ ወላጅ “አምና ያሸነፈው ልጅ እኮ እዚያ ሱቅ ነው ያሠራው” አለኝ። ድካሙም አለ፣ ልጄ እንዳያፍርም ፈለግኩ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት አውጥቼው በቀጥታ ወደዚያ ሄድን።

ሻጩን ሳላውቀው አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ገና ስትገቡ ልጁ ፊት የሚንበረከክ፣ “ሻምፒዮን፣ ምን ይዘህ መጣህ?” የሚል ዓይነት ነው። እኔን ቀና ብሎ ያየኝ ዋጋ ሲናገር ብቻ ነው። ግድግዳው በዋንጫ ፎቶ ተሞልቷል። የልጄን ታክሲ አገላበጠና “ቆንጆ ናት፣ ግን በእነዚህ ጎማዎች የትም አትደርስም” አለ። ልጄ አቀረቀረ። ያኔ እጁን ይዤ መውጣት ነበረብኝ።

የነገረን ነገር አብዛኛው ትክክል ነው፤ ዛሬ ስመለከተው የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ መሄድ አለበት አለ። ልክ ነው፤ መነሻው ላይ የመኪናዋ ኋላ ከፍ ብሎ ስለሚቆም እዚያ ያለው ክብደት ብዙ ይወርዳል፣ ፍጥነትም ይሰጣል። ተንግስተን የሚባለው ብረት ከእርሳስ ብረት በጣም ስለሚከብድ በትንሽ ቦታ ብዙ ክብደት ይይዛል አለ። ይህም ልክ ነው። አንዱን የፊት ጎማ ከመሬት ትንሽ አንስቶ፣ ሌላውን በትንሹ አዙሮ፣ መኪናዋ የመሐሉን ሐዲድ ተደግፋ ሳትወዛወዝ እንድትወርድ እንደሚያደርግም አሳየን። ጎማው ሲቀል ደግሞ ለመሽከርከር የሚባክነው ጉልበት ያንሳል አለና በቶርኖ ከውስጥ የተላጉ፣ ላባ የሚያህሉ ጎማዎች አወጣ።

ልጄ እጄን ጎተተኝ። “አባዬ፣ ወረቀቱ ላይ ጎማ መቀየር አይቻልም ይላል እኮ” አለ በአማርኛ።

ከፓኩ የተሰጠን የደንብ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ሦስት ሳምንት ተቀምጧል። እሱ አንብቦታል። እኔ አላነበብኩትም። “ቆይ፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ” ብዬ ዝም አሰኘሁት። ዝም ያሰኘሁት እውነት የተናገረውን ልጅ ነው፤ ይህን እስካሁን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ቢሆንም ሰውየውን ጠየቅኩት። “ይሄ ለፓክ ውድድር ይፈቀዳል ወይ?” አልኩት። “ሕጋዊ ነው፣ ሁሉም ከኛ ነው የሚገዛው” አለኝ።

አሁን ያቺን ቅጽበት ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። ካርዴን ለማውጣት ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ ነበር። ገና አልከፈልኩም። እሱ የጎማውን ማሸጊያ በጥርሱ ቀደደው። ከመደርደሪያው ሥር ትንሽ የግራፋይት (ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚደረግ ጥቁር ዱቄት) ጠርሙስ አወጣና አራቱም ጎማዎች ላይ ፍፍ፣ ፍፍ፣ ፍፍ፣ ፍፍ አደረገባቸው። ጥቁር ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ቦነነ። “ይሄ ከኔ ስጦታ ነው፣ ለሻምፒዮኑ” አለና ልጄን ጠቀሰው። እኔ ምን አልኩ? “አመሰግናለሁ” አልኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያመሰገንኩት።

የኛን ጎማዎችና ምስማሮች፣ ልጄ የሞረዳቸውን ሁለቱን ጨምሮ፣ “እነዚህ ከእንግዲህ አያስፈልጓችሁም” ብሎ በክንዱ ጠርጎ ወደ ራሱ በኩል ወሰዳቸው። ጎማና ምስማር 62፣ ተንግስተን 38፣ ማስተካከያ 45 ዶላር። ከነታክሱ ከፈልኩ። በማግስቱ መኪናዋን ወሰድን።

ዓርብ ማታ ምዝገባ ነበር። መኪኖቹ ተመዝነውና ታይተው እስከ ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ያድራሉ። የኛዋ ሚዛን ላይ ወጥታ ልክ 5.0 አለች። ልጄ ዘለለ። ከዚያ መርማሪዋ፣ እሷም እንደኔ የአንድ ልጅ ወላጅ ናት፣ የስልኳን መብራት ከጎማው ጀርባ አደረገች። ብርሃኑ አልፎ ታየ። ዞር ብላ በጣም በሐዘን አየችኝና “እነዚህ ተልገዋል፤ ከሳጥኑ የወጣውን ጎማ አምጡና ቀይሩ” አለች። ከሳጥኑ የወጣው ጎማ ሱቁ ውስጥ ነው። ሱቁ ደግሞ ተዘግቷል።

አንድ ደግ አባት ትርፍ ሳጥኑን ሰጠን፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ጎማዎቹን ገጠምን። ሚዛኑ 5.2 አለ። የሳጥኑ ጎማ ከተላገው ስለሚከብድ ነው። ስለዚህ ከተንግስተኑ መቀነስ አለበት። ተንግስተን ደግሞ በድሪል የሚበሳ ብረት አይደለም፣ ሰውየውም በማጣበቂያ ደፍኖታል። በዊንዲቨር ስፈነቅለው የታክሲው ኋላ ተሰነጠቀ። ሰማያዊው ቀለም ተላጠ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ያያል። አላለቀሰም። ባለቀሰ ይሻለኝ ነበር።

ውድድሩን ለማንበብ ብዙ አትድከሙ። ሞረድ ባልነካው ምስማር፣ ማንም ባላስተካከለው ጎማ፣ ታክሲያችን ሐዲዱን እየገጨች ወረደች። ከ24 ልጆች 21ኛ ወጣ። ያልሠራው ሥራ የለም፤ ሥራውን ከእጁ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። እኔ እኮ ልጅ ሳለሁ ሳንቃ ላይ ኩሽኔታ ገጥሜ አስፋልት ቁልቁል የወረድኩ ሰው ነኝ። ኩሽኔታ በናፍጣ ታጥቦ ግራሶ ሲቀባ እንደሚፈጥን ለማወቅ ሱቅ አልሄድኩም ነበር። ለልጄ ማሳየት የነበረብኝ ይህንኑ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ “አባዬ፣ የኔ ምስማሮች የት ናቸው?” አለኝ። መሪውን አዙሬ በቀጥታ ወደ ሱቁ ነዳሁ።

ካሸሯ ገና የጎማውን ከረጢት ስታይ ፈገግ አለችና ሰውየውን ጠራችው። መጣ። ሰላም አላለኝም። ሁሉንም በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብዬ፣ ሳልጮህ አስረዳሁት። እዚህ አገር 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የማወራው ይገባል። እሱ ግን እኔን ትቶ ወደ ልጄ ጎንበስ አለ። “ለአባትህ ንገረው፣ ግራፋይት የነካው ጎማ አይመለስም” አለው።

ለአባትህ ንገረው! ፊቱ ቆሜ!

ከካሸሯ ጀርባ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ እውነትም እንደዚያ ይላል። የተከፈተና ግራፋይት የተደረገበት ዕቃ አይመለስም። “ግራፋይቱን ያደረግከው አንተ ነህ፣ ገና ሳልከፍል” አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። “ሕጋዊ ነው ብለኸኝ ነበር” አልኩት። “በክፍት ውድድር ሕጋዊ ነው። የፓካችሁን ደንብ ማንበብ የናንተ ሥራ ነው” አለ። ምስማሮቹን ጠየቅኩት። “ቆሻሻ ሐሙስ ወጥቷል” አለ። ካሸሯ ሳቀች። ልጄ ሰማት።

ያ ሰው ያንን ግራፋይት የሚነፋው ለደግነት አይመስለኝም። እጁ ፈጣን ነው፤ ስንት ጊዜ እንዳደረገው ያስታውቃል።

እንግዲህ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የፓካችሁን ወረቀት አንብቡ፤ ደንቡ ከፓክ ፓክ ይለያያል። ከሳጥኑ የወጣ ምስማርና ጎማ ከእጃችሁ አይውጣ። ሳትከፍሉ ማሸጊያ የሚከፍት ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት። ምስማር ማለስለስ ከፈለጋችሁ ሞረዱና ብርጭቆ ወረቀቱ አሥር ዶላር ገደማ ቢፈጁባችሁ ነው፤ ልጁ ራሱ ይሠራዋል።

ሰኞ ጠዋት ባንኬ ጋ ደውዬ ክፍያውን እከራከራለሁ። ከሱቁ ስወጣ ያላየሁትን ልጄ ቤት ገብተን አየው። ረቡዕ የተሰጠኝ ደረሰኝ ጫፉ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለበት፤ ግራፋይት ነው። ቀኑና ሰዓቱ ከጎኑ ታትሟል። ፎቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ።