ዩኒቨርሲቲው ያስገባላችሁ ወይስ በራሳችሁ? የተመራማሪ ግሪን ካርድ ከነዋጋው

ፒኤችዲውን ጨርሶ አሜሪካ ሥራ የያዘ የአገሬ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኢቢ-1ቢ ይሻለኛል ወይስ ኤንአይደብሊው?» ሁለቱም በሥራ በኩል ግሪን ካርድ የሚገኝባቸው መንገዶች ናቸው። በየስልኩ ከምደጋግመው እዚህ ላስፍረው። ጠበቃ አይደለሁም። የራሴንም የጓደኞቼንም ፋይል ሳገላብጥ ግን ከርሜያለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ቋሚ ሥራ ያለው ሰው መጀመሪያ የዲፓርትመንቱን በር ያንኳኳ። ለጠበቃ ኪሱን የሚፈታው እዚያ እምቢ ሲባል ነው።

ኢቢ-1ቢን የሚያስገባው ቀጣሪ ነው። የሦስት ዓመት የማስተማር ወይም የምርምር ልምድ፣ የላቀ ተመራማሪ መሆንን ከሚያሳዩ ስድስት መስፈርቶች ቢያንስ ሁለቱን፣ በላዩም ቋሚ የሥራ ቅጥር ይፈልጋል። ኤንአይደብሊው ቀጣሪ አያሻውም። «ሥራዬ ለአገሪቱ ይጠቅማል» ብላችሁ በራሳችሁ ስም ታስገባላችሁ።

አሁን ወደ ብሩ። አይ-140 የሚባለው የመጀመሪያው ማመልከቻ ለሁለቱም 715 ዶላር ነው። ልዩነቱ ከ2024 ጀምሮ በላዩ በተጨመረው የጥገኝነት ፕሮግራም ክፍያ ላይ ነው። ለትርፍ ላልቆመ ተቋም ዜሮ፣ በራሱ ለሚያስገባ ሰው 300፣ ለትልቅ ኩባንያ 600። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ በኩል 715፣ በራስ 1,015። ይህ ራሱ ብዙም አይደለም። ሆድ የሚያስብሰው ፕሪሚየም፣ ማለትም መልሱን ለማፋጠን የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ነው። ከማርች 2026 ወዲህ 2,965 ዶላር ገብቷል። ያን ከፍላችሁ ለኢቢ-1ቢ በ15 የሥራ ቀን መልስ ታገኛላችሁ፤ ለኤንአይደብሊው በ45። በአንድ ዋጋ ሦስት እጥፍ መጠበቅ! ደግሞ ፕሪሚየም የሚያፋጥነው አይ-140ን ብቻ ነው። ግሪን ካርዱ በሦስት ሳምንት ፖስታ ሣጥን ውስጥ የሚገኝ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ።

የጠበቃው ዋጋ ሌላ ነው። እኔና ጓደኞቼ የጠየቅናቸው ለኤንአይደብሊው ከ4 ሺህ እስከ 10 ሺህ ዶላር ጠርተውልናል። ውዱ ከርካሹ ይሻላል ማለት አይደለም፤ 9 ሺህ ተቀብሎ ደብዳቤውን ራስህ ጻፈው የሚል አለ። በዩኒቨርሲቲ በኩል ሲሆን ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ሠራተኞች ቢሮው ወይም የራሱ ጠበቃ ይሠራዋል።

ግን «ዩኒቨርሲቲው ይከፍላል» የሚል ሕግ የለም። በፔርም መንገድ (ቀጣሪው ማስታወቂያ አውጥቶ ለሥራው አሜሪካዊ እንዳላገኘ በሚያሳይበት) ከሆነ ከ2007 ጀምሮ የጠበቃውንም የማስታወቂያውንም ወጪ ቀጣሪው ብቻ እንዲችል ግዴታ አለበት። ኢቢ-1ቢ ላይ ይህ ግዴታ የለም። አንድ ወዳጄ «እንደግፍሃለን» ተብሎ ሥራ ጀመረ። ቆይቶ የክፍያ ሒሳቡ በኢሜል መጣለት። ድጋፉ ፊርማ ብቻ ነበር። ስለዚህ ደመወዝ ስትደራደሩ አብራችሁ ጠይቁ፦ ማን ይከፍላል፣ ለየትኛው ፎርም፣ በስንተኛው ዓመት ይጀመራል? መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ከፈረማችሁ በኋላ ማንም ጆሮ አይሰጣችሁም።

አይ-485ን (አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ግሪን ካርዱ ራሱ የሚጠየቅበትን ፎርም) ግን ባብዛኛው ከኪሳችሁ ነው የምትችሉት፣ ለቤተሰብማ ይብሳል። አዋቂ 1,440፣ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጁ ጋር ሲገባ 950። ባልና ሚስት ከሁለት ልጅ ጋር 4,780 ይሆናል። የሥራ ፈቃድ ለአንድ ሰው 260፣ የጉዞ ሰነድ 630፣ የሐኪም ምርመራው ለብቻው። ልጃችሁ 14 ሊሞላው ከደረሰ ወረቀቱን ቀድሞ ማስገባት 490 ዶላር ያተርፋል። ቼክ ጽፋችሁም አትላኩ፤ ከኦክቶበር 2025 መጨረሻ ወዲህ በካርድ ወይም ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ነው።

ኢቢ-1ቢን ያስወደደኝ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሰልፉ ነው። ኤንአይደብሊው ያለው ኢቢ-2 በሚባለው የግሪን ካርድ ምድብ ውስጥ ነው፤ ኢቢ-1ቢ ደግሞ በኢቢ-1። ኢቢ-2 ደግሞ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ እንደኛ ላሉ አገሮችም ወረፋ አመጣ፤ ተራ የደረሰበት ቀንም ወደ ፊት ሲል ወደ ኋላ ሲል ከረመ። ኢቢ-1 በበጀት ዓመቱ ማብቂያ ላይ ከሚገጥመው መጨናነቅ በቀር በእነዚህ ዓመታት ለኢትዮጵያ ተወላጅ ክፍት ሆኖ ነው የቆየው። ክፍት ሲሆን አይ-140ንና አይ-485ን አንድ ላይ ታስገባላችሁ። ሚስት ወይም ባል የሥራ ፈቃድ ቶሎ ያገኛል ማለት ነው። ለመወሰን ስትነሱ የወሩን ቪዛ ቡለቲን (ተራው የት እንደደረሰ የሚያሳየውን የመንግሥት ሰንጠረዥ) እዩ። የሚቆጠረው የትውልድ አገር ነው፤ የካናዳ ፓስፖርት መያዝ መስመር አያስቀይርም።

ፋይል የሚበላሽበትን ቦታ ደግሞ ልንገራችሁ። ኢቢ-1ቢ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው የቅጥር ደብዳቤው ነው። ቴኑር ትራክ (ወደ ቋሚ ፕሮፌሰርነት በሚያመራ ቅጥር ላይ) ከሆናችሁ ሰላም ነው። ተመራማሪ ከሆናችሁ ግን «ውሉ በየዓመቱ ሊታደስ ይችላል» የምትለዋ መስመር አርኤፍኢ (ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ) ትጠራለች። ሥራው የጊዜ ገደብ የሌለውና ይቀጥላል ተብሎ የሚጠበቅ መሆኑ መጻፍ አለበት። ገንዘቡ ከግራንት (ከምርምር ድጎማ) ከሆነ ደግሞ ከዚህ በፊት ሲታደስ መኖሩን የሚያሳይ ወረቀት ይያያዝ። ደብዳቤው ለእናንተ የተጻፈ ይሁን፤ ለኢሚግሬሽን ብቻ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ የቅጥር ደብዳቤን አይተካም። አርኤፍኢ ከመጣ ለመመለስ ቢበዛ 84 ቀን አላችሁ፤ ጠበቃውም በውሉ ላይ ካልተካተተ ሌላ ሒሳብ ይጠራል።

ኤንአይደብሊው ላይ ደግሞ ቅጂው በዝቷል። አንድ ጓደኛዬ የከፈለበትን ፋይል አሳይቶኝ ነበር። ሦስት ፕሮፌሰሮች ፈርመዋል፤ በሦስቱም ደብዳቤ «በመስኩ ከፍተኛ ደረጃ ከደረሱት ጥቂቶች አንዱ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከነነጠላ ሰረዙ አንድ ነው። የአፈር ለምነት የሚያጠናን ሰው አንዱ ደብዳቤ ላይ የካንሰር ተመራማሪ ብሎታል። ከሌላ ደንበኛ ፋይል ተገልብጦ መሆኑ ነው። በገንዘብ የሚገዛ ሽልማት፣ ከፍሎ የሚገባ «የክብር አባልነት»፣ በሳምንት ጽሑፍ የሚያትም ጆርናል፣ ሁሉም ከዚሁ ገበያ ነው። የአቻ ግምገማ ያደረጋችሁባቸው የጆርናል አዘጋጆች የላኩላችሁ ኢሜል ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ዋጋውም ዜሮ ነው።

«ኢቢ-1ኤ ግንስ?» የሚለኝም አለ፤ ልዩ ችሎታ ላላቸው ሰዎች የተከፈተውን መንገድ ማለቱ ነው። በራስ ይገባል፣ ሰልፉም ያው ኢቢ-1 ነው። ግን ከአሥር መስፈርት ሦስቱን አሟልቶ እንኳ የመስኩ ቁንጮ መሆንን ማሳመን ይቀራል። ሁላችንም የ2009ን የዓለም የምግብ ሽልማት እንደወሰዱት እንደ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አይደለንም።

ኤንአይደብሊውን የምመርጥበት ጊዜ አለ። ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ጊዜያዊ ተመራማሪ) ከሆናችሁ፣ ወይም ሥራችሁ በአንድ ግራንት ላይ ከተንጠለጠለ። በ2025 የዩኤስኤአይዲ የምርምር ገንዘብ ሲቋረጥ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የነበሩ የግብርና ቤተ ሙከራዎች ተዘግተዋል። በቀጣሪ ስም ያለ ማመልከቻ ቀጣሪው ሲያወጣው ሊወድቅ ይችላል፤ በስማችሁ ያለው ግን ከእናንተ ጋር ይሄዳል። እንዲህ ላለ ሰው ኤንአይደብሊውን ዛሬ አስገብቶ የወረፋ ቀን መያዝ ነው። ከጸደቀ በኋላ ቋሚ ሥራ ሲገኝ ኢቢ-1ቢ ቢገባ የመጀመሪያው ቀን አይጠፋም።

በፉልብራይት (በአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ) የመጣችሁ ግን ከሁለቱ አንዱንም ከመክፈላችሁ በፊት የጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም) ቪዛችሁንና የፕሮግራሙን ፎርም ዲኤስ-2019ን አውጥታችሁ እዩ። ሁለት ዓመት አገር ቤት የመኖር ግዴታ ካለባችሁ አይ-140 ቢጸድቅም አይ-485 ማስገባት አትችሉም። ኤች-1ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛም አይሰጣችሁም። መጀመሪያ እሱ ይፈታ፤ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ለመጣ ሰው ደግሞ ምሕረቱ በቀላሉ አይገኝም።